የዚያ ዓመት ጎማዎች

አባቴ ጎማ በባዶ እጁ ነበር የሚያስገባው። እንዲህ ሲወራ ቀላል ይመስላል፤ ብስክሌት የነካካ ሰው ግን ያውቀዋል። አዲስ ጎማ ቸርኬ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ እሺ ባይ ነው። ከግማሽ በላይ ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ሰው የምታስለቅሰው መጨረሻ ላይ የምትቀረው ስንዝር የምታህል ጠርዝ ናት። ሌሎች ጠጋኞች እዚያች ላይ ሲደርሱ መፈልቀቂያ ብረት ያነሳሉ፤ ብረት ያጣ ደግሞ በማንኪያ እጀታ ይታገላል። አባቴ ግን መዳፉን ጠርዟ ላይ ያሳርፍና ሊጥ እንደሚያሽ ሰው ወደፊት ይገፋታል፤ ጧ ትልና ትገባለች።

"ብረት ካላማዳሪያውን ይነክሰዋል፤ እጅ አይናከስም" ይል ነበር። ካላማዳሪያ የሚባለው ጎማው ውስጥ ሆኖ አየር የሚይዘው ስስ ላስቲክ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ "ብረቱ" እያለ ነበር የሚጠራው። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ሲሆን የተቀመጠውም ረጅሙ ቁልቁለት አናት ላይ ነው። ከታች የሚመጣ ደንበኛ እኛ ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ስለሚል ለመከራከር አቅም የለውም ብሎ አባቴ ይቀልድ ነበር። ከኛ ዘንድ የሚወርድ ደግሞ እስከ ክሊኒኩ አጥር፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ ፔዳል ሳይረግጥ ይበራል። እናቴ የምትሠራው እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ አንሶላ ታጥባለች። እኔ ትንሽ ነበርኩ። አባቴ "ጉንዳኔ" ይለኛል፤ ጉንዳን ከራሷ የሚከብድ ትሸከማለችና።

ታዲያ በዚያ ዓመት ጎማዎቹ መጥበብ ጀመሩ።

መጀመሪያ ያየሁት አንድ ጠዋት ነው። አባቴ አንድ ጎማ ይዞ እንደ ልማዱ መዳፉን አሳረፈ፣ ገፋ። አልገባም። እንደገና ገፋ። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሰው እጅ ይመስል ትክ ብሎ አያቸው። ዘወር ሲል እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሳቅ አለና ዘንድሮ ፋብሪካው ላስቲክ ሳይሰስት አልቀረም፣ ጠበው ነው የመጡት አለኝ። አመንኩት። አባቴና አንድ ክብ ላስቲክ ተጣልተው ጥፋተኛው ማን ነው ቢባል፣ የትኛው ልጅ ነው አባቱ ላይ የሚፈርደው?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘዴ ያስተምረኝ ጀመር። ጎማውን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ካላማዳሪያው እንዳይጣመም ጥቂት ትንፋሽ መስጠት። ማስገባቱን አየር መግቢያው ካለበት ተቃራኒ ጀምሮ እዚያው አየር መግቢያው ላይ መጨረስ። የገባውን ጠርዝ ዙሪያውን በጣት እየቆነጠጡ ወደ ቸርኬው መሃል፣ ወደ ጎድጓዳው መስመር ማውረድ፤ እዚያ ሲወርድ ይላላና ለመጨረሻዋ ስንዝር ትርፍ ይሰጣል። እምቢ ካለ ሳሙና በውኃ በጥብጦ መቀባት። ማውጣትም ሲያስፈልግ አየሩን ጨርሶ ማስተንፈስና ያንኑ ጠርዝ ወደ መሃል አውርዶ አየር መግቢያው ጋ መፈልቀቅ ነው።

"ጎማ በጉልበት አይገባም" ይለኛል። "ትርፉ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ትርፍ የሌለው ነገር የለም።"

ደስ አለኝ። ጎማዎቹ በጠበቡ ቁጥር እኔ አዲስ ነገር አውቃለሁ። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየናለች፤ ጨርሰን እስክንነሳ ድረስ ነጠላዋን እንኳ አታወርድም። ባለሙያ መሆኔ ያስደነቃት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አባቴ ልጅ የሚያስተምር ሰው ትዕግሥት አልነበረውም። የነገውንም የተነገወዲያውንም ትምህርት በአንድ ቀን ያጎርሰኝ ነበር።

ቀስ በቀስ መፈልቀቂያ ብረት ማንሳት ጀመረ። ሲያነሳ ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል። ከዚያ ለአናጢው ነግሮ ጫፉ ላይ ቆልማማ ብረት ያለው፣ ክንድ የሚያህል የእንጨት እጀታ አሠራ። ብረቱን ከጎማው ጠርዝ ላይ ሰክቶ እጀታውን በደረቱ ሲደገፈው ጠርዙ እየተጎተተ ይገባል። አናጢው፣ ብረቱ ደግሞ ምን ሆኖ ነው በመሣሪያ የሚሠራው ብሎ ሲስቅ አባቴም አብሮት ሳቀ፤ ግን ሰውየው ሳቁን ሳይጨርስ የእርሱ አለቀ።

ቀኝ እጁ ከስቶ ነበር። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለችው ሥጋ ሟሙታ ጎድጉዳለች። ክንዱ ላይ ደግሞ ቆዳው ሥር የሆነ ነገር ሽው ይላል፤ ይጠፋል፤ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ዓሣ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ጨዋታችን ሆነ። ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ክንዱን ጭኑ ላይ ያጋድምልኛል፤ እኔ ጣቴን ቀስሬ እጠብቃለሁ፤ ሽው ሲል እወጋዋለሁ። "አመለጠሽ" ይለኛል። አንዳንዴ ትከሻው ድረስ አሳድዳቸዋለሁ። እየበዙ ሲሄዱ ማጥመድ ቀለለኝ፤ አባቴ ግን ጨዋታው ሰለቸውና እጅጌውን አወረደ።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ በዚያው ሰሞን መጣች። ሰላም ስትለው እጁን ጨበጠች፤ ጨብጣም አልለቀቀችም። ፊቱን አላየችም፣ እጁን ነው ያየችው። ከዚያ ወደ ጓሮ ገባችና ውኃ ጠጣች። በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ በጋሪ ወንበር አስጭና መጣች። የአያቴ ወንበር ነው፤ መደገፊያው ከፍ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ በደረት ዙሪያ የሚታሰር ሰፊ የቆዳ ጠፍር የተበጀለት። በእሷ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ማንም ሲቀመጥበት አይቼ አላውቅም። አባቴ ወንበሩን ጋሪው ላይ እንዳለ አየውና "ገና ነው" አላት። አክስቴም "አውቃለሁ፤ ግን ይኑር" አለች። ወንበሩ ሱቅ ውስጥ ገባ።

ስጦታ መስሎኝ ስቦርቅ ነበር። ጠፍሩንም ለምን እንደሆነ አወቅሁት ብዬ አሰብኩ፤ ጠባብ ጎማ በአንድ በኩል ስታስገባው በሌላው በኩል እየሾለከ ስለሚወጣ፣ የገባውን ወገን በጠፍር አስሮ መያዝ ይጠቅማል። አባቴ በገመድ ሲያደርገው አይቻለሁ። ፈትቼ አምጥቼ እዚህ ጋ እንሰረው ስለው አክስቴ ከእጄ ነጠቀችኝ። ጭራሽ ተቆጥታኝ የማታውቅ ሴት ናት።

ወሬውን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እናቴና አክስቴ ጓሮ አንሶላ ያሰጣሉ፤ እኔ ከአንሶላው ወዲህ ሆኜ ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ንፋስ ነበር፤ አንሶላው ጧ ጧ ሲል ቃላቸው ይቆራረጣል።

"በየቀኑ እየላላ ነው፣ እትዬ" ትላለች እናቴ።

አክስቴ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል ወይ ብላ ጠየቀች። እናቴ እዚህ ድረስ አለች፤ የት እንደሆነ አንሶላው ጋርዶኝ አላየሁም። አክስቴ አባባንም፣ አያቴን ማለቷ ነው፣ ከእጁ ነው የጀመረው አለች። ከዚያ እናቴ ሐኪሙ ያላትን ስትነግራት ንፋሱ ግማሹን ወሰደውና ለእኔ የደረሰችኝ መጨረሻዋ ብቻ ናት፤ "አይሞላም።"

ይላላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ አይሞላም። እኔ ከዚህ ሌላ ምን ልረዳ? ስለ ጎማ ነው የሚያወሩት። ጠርዙ ከቸርኬው ወደ ላይ እየወጣ፣ አየር አልሞላ ብሎ። እናቴም እንደኛ ባለሙያ ሆነች ብዬ ኮራሁ።

እናቴ ያለችው "ዓመት አይሞላም" ነበር። ሐኪሙ ግን ተሳሳተ፤ አባቴ ዓመቱን ሞልቶ ሌላም ጨመረ። አክስቴ ያ ነገር ሳይነካት አርጅታ ሞተች፤ ከአንድ ዘር አንዱን ይዞ አንዱን ይተዋል ይላሉ ሐኪሞቹ። እኔ ዛሬ አባቴ ያኔ የነበረበትን ዕድሜ አልፌያለሁ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ስቆልፍ ጣቶቼን ሳላያቸው የቀረሁበት ቀን የለም።

ጎማ የሚያመጣልን ነጋዴ ነበር። ሲስቅ ታይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ "ኮምጣጤው" ይለዋል። በፊት ሲመጣ ከአባቴ ጋር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ በጉርምስናቸው አብረው ብስክሌት ተወዳድረዋል። በዚያ ዓመት ግን ጎማውን ያራግፍና ዓይኑን ሰብሮ ይሄዳል። ብርጭቆ አባቴ እጅ ላይ ሲንቀጠቀጥ አንዴ አይቶ ቶሎ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ሌባ ሁልጊዜ ዓይኑን ይሰብራል ብዬ በልቤ ያዝኩት።

ከዚያ አዋላጇ ወደቀች።

በክሊኒኩ የምትሠራ፣ ሰው ሁሉ ሲስተር የሚላት፣ እኔንም ያዋለደችኝ ሴት ናት፤ ምጥ ያለበት ቤት ሁሉ በብስክሌቷ ነው የምትደርሰው። ያን ቀን ጠዋት አባቴ የፊት ጎማዋን ቀየረላት። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ብቻውን ነው የሠራው። ቁልቁለቱን ወርዳ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ጎማው ከቸርኬው ወጣ። ክንዷ ተሰበረ፤ ፊቷ በአንድ ወገን ተላጠ። ቤት ስገባ ሱቁ ተዘግቷል፤ አባቴ ጨለማው ውስጥ ያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተቀመጠበት።

ከበር ውጭ ሰዎች ያወራሉ። ብረቱ መጠጥ ጀመረ እንዴ የሚል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ጥፋተኛውን እኔ አውቀዋለሁና።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ኮምጣጤው መደብር ሄድኩ። ጎማዎች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ የላስቲኩ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ባንኮኒው ከራሴ በላይ ስለነበር በጎን ዞሬ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ጎማዎችዎ ጠባብ ናቸው" አልኩት። "አባቴን እየጨረሱት ነው። ሲስተርንም የጣሏት እነሱ ናቸው።"

መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ያለሽ አባትሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ ፋብሪካው አጥብቦ ነው የሠራቸው ብሏል አልኩት። ዞር አለና የተደረደሩትን ጎማዎች ማስተካከል ጀመረ፤ ቀጥ ብለው የቆሙትን። ረጅም ጊዜ አስተካከለ።

"ልክ ነሽ" አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላያቸው ነው የተረከብኳቸው። መጥቼ እለውጣቸዋለሁ።"

እንዲህ ቶሎ ያምናል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ልወጣ ስል ጠራኝ። አባትሽ ምግብ ሲውጥ ያስለዋል ወይ አለኝ። ይህ ከጎማ ጋር ምን አገናኘው? አንዳንዴ ውኃ ሲጠጣ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ግቢውን ተሻግሬ እስክጠፋ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ።

እንዳለውም መጣ። ሰው የሚበዛበትን ሰዓት መርጦ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ከሱቅ እያወጣ፣ አናጢው፣ ጎረቤቱ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ እነዚህ ብልሹዎች ናቸው፣ ሲስተርም የወደቀችው በእኔ ጦስ ነው፣ ብረቱን የምታሙ እኔን እሙ አለ። አባቴ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። አፉን ከፈተ። እናቴ መዳፏን ጀርባው ላይ አደረገች። አፉን ዘጋና ወደ ውስጥ ገባ። ኮምጣጤው ጎማዎቹን ጭኖ ሄደና ቆይቶ አዲሶቹን አምጥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ሰዎቹ መኪናው ሲያልፍ ምራቃቸውን እንትፍ ሲሉ አየሁ፤ እኔ ነኝ ድል ያደረግሁት አልኩ።

ካደግሁ በኋላ፣ ኮምጣጤው አርጅቶ ዓይኑ ሲደክም፣ ልጠይቀው ሄጄ ይህን አነሳሁበት። ያመጣልን ጎማዎች የወሰዳቸው ራሳቸው ነበሩ። መጠቅለያውን ብቻ ነው የቀየረው። ያን ሰሞን ሰው መደብሩን ሸሽቶ፣ ስሙም ጎድፎ ነበር፤ እሱ ግን ለማንም አልተነፈሰም። የአያቴንም አሟሟት ያውቅ ኖሯል፤ በአስከሬኑ ሥር ገብቶ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

አባቴ ግን በዚያ ውሸት ማደር አልቻለም። ሰው ጋብ ሲል እናቴንና እኔን አስከትሎ ወደ ክሊኒኩ ወረደ። እኔ ግቢው ውስጥ ቆዪ ተባልኩ፤ በመስኮቱ በኩል አየኋቸው። አዋላጇ ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይናገራል፤ አይሰማም። ሲጨርስ እሷ በደህናው እጇ እጁን ያዘች፤ ገለበጠችው፤ ያችን የጎደጎደች ቦታ በአውራ ጣቷ ጫነቻት። እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዱን ታየው ጀመር። ንጽሕናውን የምትመረምር መሰለኝ፤ እኛንም ትምህርት ቤት መጥታ ጥፍራችንን ታያለች። እጅህ በግራሶ ቆሽሿል ብላ ስትቆጣው ታየኝና ተናደድኩ። ነገር ግን አልተቆጣችም። የያዘችውን እጅ ፊቷ ላይ፣ ባልተላጠው ጉንጯ ላይ፣ አስጠጋችው።

ሱቁ ተከፈተ፤ ደንበኛ ግን ሳሳ። አባቴ አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው። እናቴ አንዳንድ ቀን ከሥራ ትቀርና እሱ በቃል እየነገራት ብሎን ታጠብቃለች፤ ሰንሰለት ታስራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ቁልቁለቱን ሽቅብ ስትመጣ አየናት። ብስክሌቷን በአንድ እጇ እየገፋች፣ ጎማ የሌለውን የፊት ቸርኬ መንገዱ ላይ እያንገጫገጨች፣ የወጣውን ጎማ በጄሶው ክንዷ ላይ አንጠልጥላ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሌላ ጠጋኝ ከክሊኒኩ በር ላይ እያለ እዚህ ድረስ ለምን ለፉ አላት አባቴ። እኔ ደንበኛ የማልቀይር ሰው ነኝ አለችውና ከፊቱ ያለው ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

እናቴ አልነበረችም። አባቴ አየኝ።

"ጉንዳኔ፣ አንቺ ነሽ የምታስገቢው።"

እጄ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀሉት አዲሶቹ ጎማዎች ሄደ። አይደለም አለኝ፤ ያንኑ። ሲስተርም ያንኑ ነው የምፈልገው አለች። ጎኑ ላይ አስፋልት የፋቀው ነጭ ጭረት አለበት፤ ሰው የጣለው እሱ ነው። እንደ እባብ ነው የፈራሁት። ሳሙና በጠበጥኩ። ወደ ፀሐይ ላወጣው ስል አባቴ አያስፈልግም፣ ጀምሪ አለኝ።

አዲስ ካላማዳሪያ ከተትኩ፤ ጥቂት ነፋሁት። ከተቃራኒው ጀመርኩ። ዙሪያውን እየቆነጠጥኩ ጠርዙን ወደ መሃል አወረድኩ። የመጨረሻዋ ስንዝር ስትቀር ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ ጥርሴን ነከስኩ፤ ሁለቱን አውራ ጣቶቼን ጫንኩ። አባቴን ያሸነፈው ጎማ ነው፤ እንደሚጥለኝ አውቄ ነው የገፋሁት።

ገባ። ጧ እንኳ በቅጡ ሳይል ገባ።

ጣቶቼ ጎማው ላይ እንዳሉ ቀሩ። ለካ ጠባብ አልነበረም። መቼም ጠባብ ሆኖ አያውቅም። የእኔን የልጅ ጣት እሺ ያለ ጎማ፣ የአባቴን እጅ እምቢ ያለበት ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። ቀና ሳልል ክንድ ማሳረፊያው ላይ የተጋደሙትን እጆቹን አየኋቸው። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ከአንሶላው ኋላ ስለ ማን ሲወራ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አዋላጇ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። አባቴ ይጠብቃል። ፊቴ ላይ የሚፈልገውን ነገር እንዳያገኘው ብዬ ላብ የሌለበትን ግንባሬን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

"አባዬ፣ በጣም ጠባብ ነው" አልኩት። "እጄን ገደለኝ።"

ጣቶቼን አየ፤ ከዚያ ፊቴን። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ ከዚያን ቀን ጀምሮ እየሻከረ ሄደ።

"እንግዲያው አውጪውና እንደገና አስገቢው" አለኝ። "እስኪቀልሽ ድረስ።"

አየሩን አስተነፈስኩ።